ሞራው ይብሰል ብላችሁ አትጠብቁ፦ የወላጆቻችሁን ዓይን ከግላኮማ መጠበቂያ

አባቴ የግራ ዓይናቸው ማየት ያቆመው መቼ እንደሆነ አያውቁም። ያወቅነው በአንዲት ትንኝ ነው። ማታ ዜና እያዩ ቀኝ ዓይናቸው ውስጥ ገባችና በመዳፋቸው ሸፈኑት። "መብራት ሄደ እንዴ?" አሉ። ቴሌቪዥኑ ግን እያወራ ነበር።

ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ "ዓይኔን ደከመኝ" ይሉን ነበር። እኛም የሰፈሩን መልስ ሰጠናቸው። "ሞራ ነው አባባ፤ ይብሰልና ይገፈፋል።" የሚበስል ነገር አልነበረም። ግላኮማ ነበር። የግራው አልቆ የቀኙ ተጀምሯል።

ሐኪም አይደለሁም። ላለፉት ስድስት ዓመታት የአባቴን ጠብታ የማደርግና ቀጠሮ የማመላልስ ልጅ ነኝ። እዚህ ያሰፈርኩት ከሐኪሞች የሰማሁትንና እየተሳሳትኩ የተማርኩትን ነው።

መጀመሪያ፦ ሞራና ግላኮማን ለዩ

ሞራ የዓይን ሌንስ መደፍረስ ነው። የደፈረሰው ይወጣል፣ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል፣ ሰውየው ያያል። ለነገሩ ሞራም ቢሆን እስኪበስል መጠበቅ የለበትም፤ ያ የድሮ ነገር ነው።

ግላኮማ የሚጎዳው ዓይንን ከአንጎል ጋር የሚያገናኘውን ነርቭ ነው። ዓይን ውስጥ ሁልጊዜ ፈሳሽ ይመነጫል፣ ይወጣል። መውጫው ሲጠብ የዓይን ግፊት ይጨምርና ነርቩን ቀስ በቀስ ያደክመዋል። የሞተ ነርቭ ደግሞ አይመለስም። ቀዶ ጥገናም፣ ሌዘርም፣ መነጽርም አይመልሰውም። ሕክምናው ሁሉ የተረፈውን ለማቆየት ነው።

በ2005 እና 2006 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት፣ ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ግማሽ ያህሉ ሞራ ነበር። ከትራኮማ የመጣ ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ 5.2 በመቶ ይዘዋል። አምስት በመቶ ትንሽ ይመስላል። ግን ሞራ የጋረደው ሰው ዘግይቶም ቢሆን ተገፎለት ሊያይ ይችላል። ግላኮማ የወሰደበት ሰው ያ ዕድል የለውም።

ምልክት አትጠብቁ፣ ግን ይህችን አስተውሉ

ብዙ ጊዜ ግላኮማ አያምም፣ አያቀላም፣ አያስለቅስም። የሚጀምረው ከዳር ነው። መሃሉ ደህና ስለሆነ ሰውየው መዝሙረ ዳዊቱን ያነባል፣ ብር ይቆጥራል፣ "ዓይኔ ደህና ነው" ይላል። አንዱ ዓይን ያጎደለውን ሌላው ስለሚሞላም ጉድለቱ አይታወቅም።

እኛ ቤት አንድ ነገር ነበር፤ ያኔ ግን አልገባንም። ጎረቤቶች "አባታችሁ ምነው ኮሩ?" ማለት ጀመሩ። በጎናቸው ሲያልፉ ሰላም አይሏቸውም። አንዲት የዕድራቸው አባልማ ጭራሽ ተቀይመው ነበር። አባቴ አልኮሩም። በግራ በኩል የሚያልፍ ሰው ለእሳቸው የለም።

ስለዚህ ሰላምታ የሚዘሉ፣ ደፍ የሚያደናቅፋቸው፣ ደረጃ ሲወርዱ በእግራቸው የሚዳስሱ፣ ሲኒውን አስቀምጠው ዳሩን የሚስቱ ሽማግሌ ካሉ "እርጅና ነው" አትበሉ። ግን ይህ ሁሉ ሲታይ በሽታው ገፍቷል ማለት ነው። ቀድሞ የሚገኘው በምርመራ ብቻ ነው።

ማን ይመርመር?

40 ዓመት ያለፈው ሁሉ አንዴ መታየት አለበት። ከ60 በኋላ ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ ነው። የሚከተሉት ግን በየዓመቱ ቢታዩ ይመረጣል፦ በቤተሰቡ ግላኮማ ያለበት፣ ስኳር ያለበት፣ የሩቅ ለማየት ወፍራም መነጽር የሚያደርግ፣ ዓይኑ ላይ ጉዳት የደረሰበት፣ እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ስቴሮይድ ጠብታ ለብዙ ጊዜ የተጠቀመ።

የመጨረሻውን ደግሜ ልናገር። ዓይን ሲያሳክክ ከፋርማሲ ያለ ትእዛዝ ጠብታ ገዝቶ መጨመር እኛ አገር የተለመደ ነው። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ማሳከኩን ወዲያው ስለሚያስታግሰው ሰው ይወደዋል። ውስጥ ለውስጥ ግን የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል። ለወራት የተጠቀመ ልጅም ቢሆን ግላኮማ ሊይዘው ይችላል።

የቤተሰብ ጉዳይም ቀልድ አይደለም። ሐኪሟ አባቴን መርምራ እንደጨረሰች የጠየቀችን "ልጆቹስ ታይታችኋል?" ብላ ነው። አራታችንም ተመረመርን። የታላቅ እህቴ የዓይን ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ። ምንም አይሰማትም ነበር። አሁን ማታ ማታ እሷም ጠብታ ታደርጋለች።

የምርመራው ቀን

መነጽር ቤት በኮምፒውተር ዓይን አስለክቶ መውጣት የግላኮማ ምርመራ አይደለም። የዓይን ሐኪም ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው። ጎንደርና ጅማ በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎቹ፣ መቀሌ አካባቢ ደግሞ ኩሓ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አላቸው። የግል ክሊኒኮችም በየከተማው አሉ። የጤና መድን ካርድ ካላቸው ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ማጻፍ አትርሱ፤ ያለዚያ እስከ መስኮቱ ተሰልፎ መመለስ አለ።

ስትሄዱ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። የደም ግፊቱንም፣ የአስሙንም፣ የልቡንም። ጥቁር መነጽር ያዙ። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ስለሚደረግላቸው ለጥቂት ሰዓታት ብርሃን ይወጋቸዋል፣ የቅርብም ይደበዝዝባቸዋል። ስለዚህ ብቻቸውን አይሂዱ።

ከሐኪሙ ሦስት ነገር ጠይቁ። የዓይን ግፊቱ ስንት ነው? ነርቩ ምን ይመስላል? የእይታው ስፋትስ ተለክቷል? የተለመደው ግፊት ከ10 እስከ 21 ነው ይባላል። ግን ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። ግፊታቸው 18 ሆኖ ነርቫቸው የሚጎዳ አሉ፣ 24 ሆኖ የማይጎዳም አሉ። "ግፊትዎ ጥሩ ነው" ተብሎ ነርቩ ሳይታይ መመለስ ግማሽ ምርመራ ነው።

የእይታ ስፋት መለኪያው ሽማግሌ ያስቸግራል። አገጭን አስደግፎ፣ አንዱን ዓይን ሸፍኖ፣ መሃል ያለችውን ነጥብ ብቻ እያዩ፣ ብልጭ የሚል ብርሃን በታየ ቁጥር ቁልፍ መጫን ነው። አባቴ የመጀመሪያ ቀን እንደ ፈተና ቆጥረውት ብርሃኑን በዓይናቸው ሲያሳድዱ ውጤቱ ተበላሸ። "ወደቅሁ መሰለኝ" ብለው ወጡ። ከመግባታቸው በፊት ንገሯቸው፦ ሁሉም ብርሃን እንዲታይ አይጠበቅም፣ ጤነኛም ሰው ብዙውን አያየውም። ቁርስም በልተው ይግቡ።

ጠብታው፦ ዋናው ሥራ

አባቴ በጀመሩ በሦስተኛው ሳምንት "ይሄ ነገር ውሃ ነው፤ ምንም የጨመረልኝ የለም" አሉ። እኔም አላዳመጥኳቸውም። በወሩ መጨረሻ ፍራሽ ስገለብጥ ብልቃጡ እንደሞላ ከስሩ ወጣ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ጠብታው እይታ እንደማይጨምር በመጀመሪያው ቀን አልነገርኳቸውም። የደም ግፊት ክኒን ሲወሰድ "ተሻለኝ" አይባልም፤ ይሄም እንደዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ "ይሄ ያለውን እንዳይወስድብዎ ጠባቂ ነው" እላቸዋለሁ። ዘበኛ ሌባ ባልመጣ ቀንም ደመወዝ ይከፈለዋል አሉኝ፤ እንግዲህ ገባቸው ማለት ነው።

አደራረጉ እንዲህ ነው።

1. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ብልቃጡ ላይ ያለውን ስም አንብቡ። ቤት ውስጥ ተመሳሳይ ብልቃጥ ካለ፣ በተለይ የሙጫ፣ ሌላ ክፍል አድርጉት። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ እየተሳሳቱ ዓይን ውስጥ ያደረጉ አሉ።

2. አልጋ ላይ በጀርባቸው ይጋደሙ፤ ወይም ወንበር ላይ ራሳቸውን ወደ ኋላ ያስደግፉ። ቆሞ አይሆንም።

3. የታችኛውን የዓይን ሽፋን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ሳቡት። ትንሽ ኪስ ይሠራል። "ጣራውን ይዩ" በሏቸው።

4. አንድ ጠብታ ኪሱ ውስጥ ጣሉ። አንድ ብቻ። ዓይን ከአንድ ጠብታ በላይ አይዝም፤ ሁለተኛው ጉንጭ ላይ የሚወርድ ገንዘብ ነው። የብልቃጡ ጫፍ ሽፋሽፍትም ዓይንም አይንካ።

5. ዓይናቸውን ይጨፍኑ። አያርገብግቡ፣ አጥብቀውም አይጭመቁ። በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ጫን አድርጋችሁ ሁለት ደቂቃ ያዙ። ይህቺን ብዙ ሰው ይዘላታል። እዚያ ጥግ ላይ እንባ ወደ አፍንጫ የሚወርድበት ቀዳዳ አለ። ካልተያዘ መድኃኒቱ በዚያ ሾልኮ ደም ውስጥ ይገባል። "ጉሮሮዬን መረረኝ" ካሉ አልያዛችሁትም ማለት ነው።

6. ሌላ ዓይነት ጠብታ ካለ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ያለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያጥበዋል። ቅባት ካለ መጨረሻ ነው።

ብቻቸውን የሚኖሩና እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ብልቃጡን የያዘው እጅ ግንባር ላይ ይደገፍ። ጠብታው መውረዱን ለማወቅ የሚቸገሩም አሉ። ብልቃጡ ፍሪጅ ውስጥ ከቆየ ቅዝቃዜው ይሰማቸዋል። ዓይናቸውን መክፈት የሚፈሩ ደግሞ ተጋድመው እንደጨፈኑ በአፍንጫ በኩል ያለው ጥግ ላይ ይጣልላቸውና ቀስ ብለው ይክፈቱ።

ሰዓቱን ከማይረሳ ነገር ጋር እሰሩት። ከግላኮማ ጠብታዎች ቲሞሎል የሚባለው ብዙ ጊዜ ጠዋትና ማታ ነው። ላታኖፕሮስት የሚባለው በቀን አንዴ፣ ማታ ነው። እኛ ቤት የጠዋቱ ከቡና በፊት፣ የማታው ከ2 ሰዓት ዜና ጋር ነው። ከረሳችሁ ባስታወሳችሁ ጊዜ አድርጉ፤ ቀጣዩ ሰዓት ከደረሰ ግን በአንዱ ብቻ እለፉ፣ አትደርቡ።

ብልቃጥ በከፈታችሁ ቀን ፕላስተር ለጥፋችሁ ቀኑን ጻፉበት። አብዛኛው ከተከፈተ አራት ሳምንት በኋላ ቢተርፍም ይጣላል። ያልተከፈተ ላታኖፕሮስት ፍሪጅ ይፈልጋል። ከተከፈተ በኋላ ሙቀትና ፀሐይ ከሌለበት ውጭም ይቀመጣል። ያለው ሳያልቅ ቀጣዩን ግዙ። መድኃኒት ከገበያ የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ ፋርማሲ ለፋርማሲ ሲዞሩ ሳምንት ያልፋል።

ለሐኪሙ የማይደበቁ ነገሮች

አስም ወይም የልብ ምት መዘግየት ካለባቸው ቲሞሎል አደገኛ ሊሆን ይችላል። የዓይን ጠብታ ነው ብላችሁ አትናቁት። ከጀመሩ በኋላ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ራሳቸውን ካዞራቸው ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ላታኖፕሮስት ዓይን ሊያቀላ፣ ሽፋሽፍት ሊያረዝም ይችላል። የእህቴ ሽፋሽፍት ረዝሞ "ምን ተቀባሽ?" እየተባለች ነው፤ አልከፋትም።

ቅጠል ጨምቆ ዓይን ውስጥ ማድረግ፣ ወተት መጨመር፣ የጎረቤት ጠብታ መዋስ ይቅር። ብሌኑን የሸፈነው ስስ ክፍል ከቆሰለ በግላኮማው ላይ ሌላ መከራ ይጨመራል።

ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ፦ ለወላጅ በሰው እጅ ጠብታ መላክ ትልቅ እርዳታ ነው። ግን በሣጥኑ ላይ በጎላ ፊደል ያለውን የንግድ ስም ሳይሆን ከስሩ ያለውን የመድኃኒቱን ስም አስተያዩ። አንዱ መድኃኒት አሥር ስም አለው። አሜሪካ ያለ የአጎቴ ልጅ የላከልን ስሙ የተለየ ስለነበር አባቴ አዲስ መስሏቸው ከድሮው ጋር ደርበው ሊያደርጉት ነበር። ሁለቱም ቲሞሎል ነው። እዚያው አሜሪካ ወላጅ ያላችሁ ሜዲኬር ፓርት ቢ የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ካላቸው፣ ስኳር ላለበት ወይም በቤተሰቡ ግላኮማ ላለበት ሰው በዓመት አንዴ ምርመራውን እንደሚሸፍን እወቁ፤ የተወሰነ ድርሻ ከኪስ ይከፈላል።

ጸበል፣ ጾምና ስግደት

አባቴ ጸበል ገቡ። ስንመክራቸው አልሰሙንም፤ የሰሙት የንስሐ አባታቸውን ነው። "ጸበሉም የእግዚአብሔር፣ መድኃኒቱም የእግዚአብሔር፤ ሁለቱንም ያስኪዱ" አሏቸው። ጠብታው አብሯቸው ሄደ። ከወላጆቻችሁ ጋር ከመከራከር ይልቅ የሚሰሟቸውን ሰው ፈልጉ። ዓይን ቀዶ ጥገና ከተደረገ ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ጸበልም ሆነ የቧንቧ ውሃ ዓይን ውስጥ አይግባ።

በረመዳን ጠብታ የሚያቋርጡ አሉ። ዓለም አቀፉ እስላማዊ የፊቅህ አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ፣ ጉሮሮ የደረሰው እስካልተዋጠ ድረስ የዓይን ጠብታ ጾም እንደማያፈርስ አስፍሯል። የዓይኑን ጥግ መያዝ እዚህም ይጠቅማል። ልባቸው ካልረጋ ደግሞ በቀን ሁለቴ የሚደረገው በሱሁርና በኢፍጣር ሰዓት ይደረግ፤ እኛ አገር ልዩነቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ይስማማል።

ጭንቅላት ወደ ታች ሲዘቀዘቅ የዓይን ግፊት ለጊዜው ይጨምራል። የተለመደ ሶላትና ስግደት ለአብዛኛው ሰው ችግር የለውም። ለሕማማት መቶና ሁለት መቶ የሚሰግዱ፣ ነርቫቸውም በጣም የተጎዳ ከሆነ ግን ሐኪሙን ጠይቁ። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ትንፋሽ መጠጣትም ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ቀኑን ሙሉ እየተጎነጩ ይጠጡ። ቡናውን ተዉላቸው። አንድ ሁለት ሲኒ ምንም አይደለም።

ቤቱን አስተካክሉ

እኛ ያደረግነው ይህን ነው። የደረጃው ጠርዝና ደፉ ላይ ቢጫ ቀለም ቀባን። ከመኝታ ቤት እስከ ሽንት ቤት ትንሽ የሌሊት መብራት አደረግን። በርጩማና ከሰል ማንደጃ መተላለፊያ ላይ አይቀመጥም፤ የቤት ዕቃ ቦታም አይቀያየርም። ውሃ በነጭ ብርጭቆ ሲቀርብላቸው ያፈሱት ነበር። ብርጭቆው አይታያቸውም። በቀይ ኩባያ ሆነ፣ ማፍሰሱ ቀረ። መንገድ ስንሄድ ሁልጊዜ በግራቸው እኔ ነኝ።

ጠብታ ካልበቃ

ሌዘር አለ። ታንዛኒያ ሞሺ ውስጥ ተሠርቶ በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ግፊታቸው በሚፈለገው ልክ የሆነው በሌዘር ከታከሙት ዓይኖች 61 በመቶ፣ ቲሞሎል ከተደረገባቸው 31 በመቶ ነበር። ጠብታ በየወሩ መግዛት ለሚከብደው ቤተሰብ ይህ ትልቅ ወሬ ነው። በምትታከሙበት ቦታ ካለ ጠይቁ። ሌዘሩ ለሁሉም ዓይን አይሆንም፣ ውጤቱም ከዓመታት በኋላ ሊደክም ስለሚችል ክትትሉ አይቀርም። ቀዶ ጥገናም አለ፤ ለፈሳሹ አዲስ መውጫ ይከፈታል። ከቀዶ ጥገና በፊት ሐኪሙ "ከዚህ በኋላ ያያሉ" ሳይሆን "እንዳይብስ" ሲል ስሙት። የሞራ ቀዶ ጥገና መስሏቸው ፋሻው ሲፈታ የሚያለቅሱ አሉ።

ቀጠሮ የማይጠበቅበት ጊዜም አለ። ድንገት ዓይን በኃይል ካመመ፣ ከቀላ፣ እይታው ከደበዘዘ፣ አምፖል ዙሪያ ቀስተ ደመና ከታየ፣ ራስ ምታትና ማስመለስ ከተከተለ ያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። የሆድ ነገር ነው ተብሎ በሰዓታት ውስጥ ዓይን ሊጠፋ ይችላል።

የቀረው ቀጠሮ ማክበር ነው። የአባቴ ካርድ አንዴ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብተር ገዛሁ። ቀኑን፣ የሁለቱን ዓይን ግፊትና የመድኃኒቱን ስም እጽፋለሁ። የቀኝ ዓይናቸው መጀመሪያ 31 ነበር። ከዚያ 19፣ 17፣ ብልቃጡ ፍራሽ ስር በከረመበት ወር 28፣ ከዚያ 16። ባለፈው 15 ነው። ቀጣዩ ሚያዝያ ላይ ነው።